ምዕራፍ ሰባት፦ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች አቋምና አሠራር

ሀ. ከንባብ በፊት

ተማሪዎች፣ ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. አንድ ሐኪም በሽተኛን ሊያድን ሲመረምረውና ለጥናት ሲመረምረው ዓላማው አንድ ነው ትላላችሁ?
2. በአካባቢያችሁ ሽማግሎች ለዕርቅ ሲቀመጡ ከባለጉዳዮቹ የአንዱ ወንድም ብቻውን ዳኛ ሆኖ ይቀመጣልን? ለምን?

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎ ደግሞ በየተራ ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ. ምንባብ

የሕክምና ጥበብ ዛሬ ከሚገኝበት ደረጃ ሊደርስ የቻለው በምርምር ነው። አንድ አዲስ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ቢፈተሽም፣ በእንስሳት ላይ ቢሞከርም፣ ለሰው የሚበጅ መሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻ በሰው ላይ ሲሞከር ነው። ስለዚህ ከሌላው ሕዝብ ቀድሞ መድኃኒቱን የሚቀምስ ሰው መኖሩ ግድ ነው። ይህ ሰው ለሌሎች ጥቅም ሲል አደጋ ሊደርስበት የሚችል እንደ መሆኑ መጠን፣ ነገሩን ዐውቆና ወድዶ የገባበት ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ተመራማሪው ራሱ ያረጋግጥ እንዳይባል፣ እርሱ ጥናቱ ተሳክቶ ለማየት የሚጓጓ ወገን ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚባለው አካል የተቋቋመው ይህን ኃላፊነት እንዲሸከም ነው።

ኮሚቴ ማቋቋም ግን ቀላል ሥራ ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ይፈጸማል። አስቸጋሪው ነገር በኮሚቴው ማን ይቀመጥበት፣ ምን ሥልጣን ይኑረው፣ እርሱንስ ማን ይቆጣጠረው የሚለውን መወሰን ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት የተፈጸመውን አንድ ታሪክ እንመልከት።

በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተስኪጊ በተባለች ከተማ አካባቢ በሚኖሩ ጥቁር ወንዶች ላይ ጥናት ጀመረ። የጥናቱ ዓላማ የቂጥኝ በሽታ ሳይታከም ሲቀር በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መከታተል ነበር። ለዚህ የተመረጡት ሰዎች ቁጥር 600 ነበር። ከእነርሱ ውስጥ 399ኙ በሽታው ያለባቸው ሲሆኑ፣ 201ዱ ለማነጻጸሪያ የተያዙ፣ በሽታው የሌለባቸው ነበሩ። አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ድሆች ጭሰኞች እንደ መሆናቸው ከዚያ በፊት ሐኪም የማየት ዕድል አላገኙም። በሽታቸው ቂጥኝ መሆኑ አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተባሉ እንጂ። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ በመርፌ ሲቀዳ እንኳ ልዩ ነጻ ሕክምና እንደሚደረግላቸው ተነገራቸው። ለምርመራ በሚመጡበት ቀን ምግብ ይበላሉ፤ በመኪናም ይጓጓዛሉ። ሲሞቱ ደግሞ ቤተሰቦቻቸው አስከሬኑ እንዲመረመር ከፈቀዱ የቀብሩ ወጪ ይሸፈንላቸዋል። ለድሃ ሰው በክብር መቀበር ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለሆነም ይህ ስጦታ ምን ያህል እንደሚያስር መገመት አያዳግትም።

በ1940ዎቹ ዓመታት ፔኒሲሊን ቂጥኝን የሚያድን መድኃኒት መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ለበሽታው የሚሰጠው መድኃኒት እርሱ ሆነ። ለተስኪጊ ሰዎች ግን አልተሰጣቸውም፤ ቢሰጣቸው ጥናቱ ያበቃ ነበርና። ጥናቱ 40 ዓመት ያህል ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በበሽታው ምክንያት የሞቱ ነበሩ፤ በሽታው የተላለፈባቸው ሚስቶችና ከማኅፀን ጀምሮ የተጎዱ ሕፃናትም ነበሩ።

ይህ ሁሉ የሆነው ደንብ ስላልነበረ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1947 በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞችን የዳኘው ችሎት ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር ለሙከራ ሊውል እንደማይገባ አስታውቆ ነበር። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ይህንኑ ሐሳብ በሄልሲንኪ መግለጫ አጸና። ከሁሉም የሚያስገርመው በ1966 የታየው ነው። ያው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ከእርሱ ገንዘብ እየተቀበሉ በሰው ላይ ምርምር የሚያካሂዱ ተቋማት ጥናታቸውን አስቀድመው በኮሚቴ እንዲያስመረምሩ አዘዘ። ትእዛዙ የተጻፈው ለገንዘብ ተቀባዮች ነበርና መሥሪያ ቤቱ የራሱን የተስኪጊ ጥናት አልነካበትም።

በዚያው ዓመት ፒተር ቡክስተን የተባለ በሳን ፍራንሲስኮ የሚሠራ የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ሠራተኛ፣ ጥናቱ ከሥነ ምግባር ውጭ መሆኑን ገልጦ ለአለቆቹ ጻፈ። አለቆቹ ቢቆጡትም ጉዳዩን ጨርሰው ሊተዉት አልቻሉም። በ1969 በአትላንታ አንድ የአማካሪዎች ጉባኤ ተጠራ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ጥናቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል? የተሰበሰቡት በአብዛኛው ሐኪሞች ነበሩ። ከመካከላቸው ጥቁር አሜሪካዊ አልነበረም፤ ስለ ጉዳዩ ቃሉን እንዲሰጥ የተጠራ ተጠኚም አልነበረም። ሰዎቹ ሊታከሙ ይገባል ብሎ ከተከራከረ አንድ ሐኪም በቀር የቀሩት ጥናቱ እንዲቀጥል ተስማሙ።

ይህን የ1969 ጉባኤ ልብ ብላችሁ አስተውሉት። ስብሰባ ነበር፤ ውይይት ነበር፤ ውሳኔም ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኛዎቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ክፉዎች ነበሩ ለማለትም አይቻልም። ነገር ግን የጠራቸው ጥናቱን የሚያካሂደው መሥሪያ ቤት ራሱ ነበር፤ ጉዳዩን የተመለከቱትም በተመራማሪው ዓይን እንጂ በተጠኚው ዓይን አልነበረም። ስለዚህ የእነርሱ ኮሚቴ ለጥናቱ ጋሻ ሆነ እንጂ ለሰዎቹ አልሆነም።

ቡክስተን በመጨረሻ ነገሩን ለጋዜጠኞች አሳወቀ። በሐምሌ ወር 1972 የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ዣን ሄለር ዜናውን ስታወጣ አገሩ ሁሉ ተቆጣ፤ ጥናቱም በዚያው ዓመት ቆመ። በ1974 መንግሥት ለተጎጂዎቹና ለወራሾቻቸው 10 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ1997 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሕይወት የቀሩትን ጥቂት ሽማግሎች ይቅርታ ጠየቁ። ለትምህርታችን የሚበልጠው ግን በ1974 የወጣው የምርምር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ኮሚቴዎች በሕግ የታወቁ አካላት ሆኑ። ሕጉ ያቋቋመው ኮሚሽንም በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት የተባለውን ጽሑፍ አወጣ። ሪፖርቱ ሦስት መሠረቶችን አስቀመጠ፤ እነርሱም ሰውን ማክበር፣ ለሰው በጎ ማድረግና ጉዳትን ማራቅ፣ እንዲሁም ፍትሕ ናቸው። ፍትሕ ሲባል የምርምሩ ሸክም በድሆች ላይ፣ ጥቅሙ ግን በባለጸጎች እጅ እንዳይወድቅ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ በየጊዜው የተሻሻለው ደንብ የኮሚቴውን አቋም በዝርዝር ይወስናል። ደንቡን ከ1969 ጉባኤ ጋር እያስተያየን ብናነብበው እያንዳንዱ አንቀጽ ለምን እንደ ተጻፈ ግልጽ ይሆንልናል።

በመጀመሪያ አባላቱ ከአምስት ማነስ የለባቸውም። ቢያንስ አንዱ የሳይንስ ሰው፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ሙያው ከሳይንስ ውጭ የሆነ ሰው መሆን አለበት። ይህኛው የሕግ ዐዋቂ፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት ሊሆን ይችላል። እንደገናም ቢያንስ አንዱ አባል ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ የቅርብ ዘመዱም የተቋሙ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ይሆናል። ሳይንስ የማያውቅ ሰው በሳይንቲስቶች መካከል ተቀምጦ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥቅሙ እዚያው ላይ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ጉበትን ይጎዳልን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «ይህ የስምምነት ወረቀት ሲነበብላት እናቴ ትረዳዋለችን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ጥያቄ በተስኪጊ የጠየቀ አልነበረም።

ጥናቱ በእስረኞች ላይ የሚካሄድ ከሆነ ደንቡ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ አንዱ እስረኛ ወይም ስለ እስረኞች ለመናገር የሚበቃ እንደራሴ መሆን አለበት። አብዛኞቹ አባላትም ከወህኒ ቤቱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው መሆን ይኖርባቸዋል። እስረኛ «እሺ» ሲል ከልቡ ይሁን ከፍርሃት ለመለየት እስር ቤትን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋልና።

የስብሰባውም ሥርዓት እንዲሁ የተወሰነ ነው። ምልዓተ ጉባኤ የሚሆነው ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ሲገኙ ነው። ሆኖም ሙያው ከሳይንስ ውጭ የሆነ አባል ካልተገኘ የቀሩት ሁሉ ቢሟሉም ኮሚቴው ሊወስን አይችልም። ውሳኔ በተገኙት አባላት ድምፅ ብልጫ ያልፋል። ከአባላቱ አንዱ ለውይይት በቀረበው ጥናት ውስጥ ጥቅም ያለው እንደ ሆነ ማብራሪያ እንዲሰጥ ይጠየቅ ይሆናል እንጂ በውሳኔው አይካፈልም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛም አገር ሽምግልና የሚከበረው ሽማግሌው ለማንኛውም ወገን የማያደላ ሲሆን ነው። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ስንት ሰው እንደ ደገፈ፣ ስንት እንደ ተቃወመ፣ ስንትስ ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ ይጻፋል፤ መዝገቡም ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል። ቃለ ጉባኤ አሰልቺ ጽሑፍ ነው፤ ነገር በተበላሸ ጊዜ ግን ማን ምን እንዳለ የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው።

ሥልጣኑን በተመለከተ ኮሚቴው ጥናቱን ያጸድቃል፤ እንዲሻሻል ያዛል፤ ወይም ይከለክላል። ሲከለክል ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጣል፤ ተመራማሪውም መልስ የመስጠት መብት አለው። የተጀመረ ጥናት ያልታሰበ ጉዳት ካስከተለ ኮሚቴው ሊያግደው ይችላል። አደጋቸው ከቀላል በላይ የሆኑ ጥናቶችን ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይመረምራል። ከሁሉ የሚልቀው አንቀጽ የሚከተለው ይመስለኛል። ኮሚቴው የከለከለውን ጥናት የተቋሙ ኃላፊ ሊፈቅደው አይችልም፤ ኮሚቴው ያጸደቀውን ግን ኃላፊው በሌላ ምክንያት ሊከለክለው ይችላል። ለመከልከል አንዱ ይበቃል፤ ለመፍቀድ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

ኮሚቴውን ራሱን የሚቆጣጠርስ አለን? አዎን፤ በአሜሪካ ኮሚቴዎች በመንግሥት መዝገብ ይመዘገባሉ፤ ተቋማቱም ደንቡን እንደሚጠብቁ በጽሑፍ ቃል ይገባሉ። በ2001 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ አስም በሚደረግ ጥናት ውስጥ አንዲት ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ በሞተች ጊዜ፣ መንግሥት የኮሚቴዎቹን አሠራር መርምሮ ጉድለት ስላገኘ በመንግሥት ገንዘብ በሰው ላይ የሚካሄደውን የዩኒቨርሲቲውን ምርምር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለጊዜው አግዶ ነበር።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱ ቀዳዳ የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከተመራማሪዎች ክፍያ እየተቀበሉ ጥናት የሚገመግሙ የግል ኮሚቴዎች አሉ። በ2009 የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች ፈተና አዘጋጁላቸው። በዓለም ላይ የሌለ መድኃኒት ፈጥረው፣ የሌለ ሐኪም ስም ጽፈው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ በሰው ሆድ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ የሚያፈስስ ጥናት ለሦስት ኮሚቴዎች ላኩ። ሁለቱ አደገኛነቱን ተመልክተው አልተቀበሉትም። አንዱ ግን አጸደቀው። ሦስቱም የሚመሩት በአንድ ደንብ ነበር፤ ልዩነቱ ወረቀቱን በጥንቃቄ በማንበብና ባለማንበብ ላይ ነው።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ትምህርት ወስዷል። የሄልሲንኪ መግለጫ በ1975 በቶኪዮ ሲሻሻል ጥናቶች በነጻ ኮሚቴ እንዲታዩ የሚለው ሐሳብ ገባበት። በኢትዮጵያ በጤና ረገድ የሚካሄዱ ጥናቶች በየተቋማቱ ባሉ ኮሚቴዎች ይመረመራሉ፤ ከእነርሱም በላይ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አለ። አገሪቱ የራሷ መመሪያ አላት፤ አምስተኛው እትም የወጣው በ2014 ነው።

ሆኖም ከሌላ አገር የተቀዳ ቅጽ ብቻውን አይበቃም። በወላይታ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ ስለሚመጣው የእግር ዕብጠት፣ ማለት ዝሆኔ ስለሚባለው በሽታ፣ የዘር ውርስ ጥናት ሊካሄድ ታስቦ ነበር። ተመራማሪዎቹ ስምምነት ከመጠየቃቸው በፊት ለሕዝቡ ነገሩ እንዴት ቢገለጥ እንደሚሻል ሕዝቡን ራሱን አስቀድመው አነጋገሩ። በሽታው «በዘር የሚተላለፍ ነው» የሚል ወሬ በመንደር ቢነዛ ልጃገረዶቹ ባል፣ ወንዶቹም ሚስት ሊያጡ ይችላሉ። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በደም ምርመራ አይታይም፤ በቤተ ሙከራ መሣሪያም አይለካም። ኮሚቴው ሊያውቀው የሚችለው የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው በመካከሉ ሲኖር ነው።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. የተስኪጊ ጥናት ዓላማ ምን ነበር? ተጠኚዎቹስ ምን ተብለው ነበር?
2. የ1966 ትእዛዝ የተስኪጊን ጥናት ያልነካው ለምንድን ነው?
3. የ1969 ጉባኤ ዛሬ በሥራ ላይ ካለው ደንብ ጋር ሲነጻጸር የጎደሉትን ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።
4. «ለመከልከል አንዱ ይበቃል፤ ለመፍቀድ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
5. ነጻ ምግብና የቀብር ወጪ መስጠት በራሱ ክፉ ነገር ነውን? በተስኪጊ ነገሩን ክፉ ያደረገው ምንድን ነው?

መ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም መሠረት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ፦ ምልዓተ ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ እንደራሴ፣ ጭሰኛ፣ በጎ ፈቃደኛ።

ማስታወሻ፦ «ምልዓት» መሙላት፣ ሙሉ መሆን ማለት ነው፤ «ጉባኤ» ደግሞ ስብሰባ ነው። ሁለቱም ቃላት ከግእዝ የመጡ ናቸው።

ሠ. ሰዋስው፤ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

«በሽታቸው ቂጥኝ መሆኑ አልተነገራቸውም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ ተደራጊ ነው፤ ያልነገራቸው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። «ሐኪሞቹ በሽታቸው ቂጥኝ መሆኑን አልነገሯቸውም» ሲባል ግን አድራጊው ይገለጣል። በምሳሌው መሠረት የሚከተሉትን ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ፤ አድራጊውን ከምንባቡ ፈልጋችሁ አግኙ።

1. ፔኒሲሊን ለተስኪጊ ሰዎች አልተሰጣቸውም።
2. በ1969 አንድ ጉባኤ ተጠራ።
3. በ2009 የተላከው ሐሰተኛ ጥናት ጸደቀ።

ከዚያም በሁለቱ አነጋገሮች መካከል የኃላፊነት ልዩነት ይታያችሁ እንደ ሆነ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።

ረ. ድርሰት

አንድ ተመራማሪ በመንደራችሁ የሚገኙ ሕፃናት ስለሚጠጡት ውሃ ሊያጠና መጥቷል እንበል። ከእያንዳንዱ ሕፃን ጥቂት ደም መውሰድ ይፈልጋል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች የሚነበብ የስምምነት ቃል ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጁ። ጥናቱ ለምን እንደሚደረግ፣ ሕፃኑ ምን እንደሚሰማው፣ ወላጁ እንቢ ቢል ወይም ከጀመረ በኋላ ቢተው ምን እንደሚሆን፣ ጥያቄ ቢኖረው ማንን እንደሚጠይቅ በውስጡ ይግለጥ። ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ ለአንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ አንብቡለትና የተረዳውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ያልተረዳውንም ክፍል እንደገና ጻፉ።